ማማው ላይ ወጥተን ምን አየን?

ልጅ ሳለሁ ማማ ላይ ውዬ አውቃለሁ። አራት ቋሚ እንጨት፣ ከላይ ርብራብ፣ በርብራቡ ላይ የሣር ክዳን፣ ለመውጫ የተጋደመ ግንድ፤ ማማ ማለት ይኸው ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ከጦጣና ከወፍ የሚጠበቀው ከዚያ ላይ ነው። ማማ ላይ የወጣ ልጅ ሁለት ሥራ አለበት፤ ማየትና መናገር። ጦጣዋ ከጫካው ዳር ብቅ ስትል ያያል፤ ካየ ደግሞ ወንጭፉን እያስጮኸ ከታች ላሉት ይነግራል። አይቶ ዝም ያለ እንደሆነ ማታ እሳት ዳር የሚጠብቀውን ተግሣጽ ያውቀዋል። «ታዲያ ለምን ወጣህ?» ነበር የአባቴ ጥያቄ።

ይህ ጥያቄ ከ40 ዓመት በኋላ ተመልሶ መጥቶብኛል። ዛሬ የምንወጣባቸው ማማዎች የእንጨት አይደሉም። ደረጃ የተሠራላቸው ተራሮች፣ ግንብ የቆመባቸው ጉብታዎች፣ የከተማው ሙሉ ገጽታ ይታይባቸዋል የሚባሉ ኮረብታዎች ናቸው። በየከተማው አንድ አይጠፋም። እንወጣለን፣ እንወርዳለን። ምን አያችሁ ስንባል የምናሳየው ግን የራሳችንን ፎቶ ነው። ድካሜም ምሬቴም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የእኛ አካባቢ ትልቁ ማማ ሀምበሪቾ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ነው፤ ዱራሜ ከግርጌው ተቀምጣለች። ለከምባታ ሕዝብ ሀምበሪቾ ጋራ ብቻ አይደለም። የነባር ጎሳዎቹ መነሻ የሚተረክበት፣ «ዎማ» ይባሉ የነበሩት ነገሥታት ታሪክ የተሳሰረበት፣ አባቶች በክብር የሚጠሩት ስፍራ ነው። ስሙ ከተራራው ተሻግሮ የዱራሜ እግር ኳስ ክለብ ስም ሆኗል። ክለቡ በ2016 የውድድር ዘመን በፕሪሚየር ሊግ ሲጫወት ከምባታን ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሀምበሪቾ የሚለውን ቃል ሰምቶታል። በተራራው ላይ 777 ደረጃዎች ተሠርተዋል። ፓሪስ ያለውን የኤፌል ማማ በእግሩ የሚወጣ ሰው 2ኛው ፎቅ እስኪደርስ የሚረግጠው 674 ደረጃ ነው። የእኛው በ103 ይበልጠዋል።

ስለዚህ ከፍታ አላጣንም፤ ደረጃም አላጣንም። ያጣነው ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልበል። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸውን ችግሮች የአንድ ቦታ ነውር አድርጋችሁ አትያዙብኝ። ከሆሳዕና ተነሥቼ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ዙሪያ፣ አልፎም በሌላው የአገራችን ክፍል ከወጣኋቸው ጉብታዎችና ግንቦች ያጠራቀምኳቸው ናቸው። ለዚህ ነው የበደሉኝን ስም የማልጠራው። አንዱን ብጠራ ሌላው ንጹሕ ሊመስል ነው።

ከመንገዱ እንጀምር። እኛ ጋ ሰው አገሩን የሚያይበት ወቅት አንድ ነው፤ መስከረም። በሀዲያ ያሆዴ፣ በከምባታ መሳላ የሚባሉት የመስከረም በዓላት ሲደርሱ አዲስ አበባ ያለው፣ ሐዋሳ ያለው፣ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው ሁሉ ወደ እናቱ ቤት ይመለሳል። የበዓሉ ምግብ አተካና ይሠራል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ከብቱ ይታረዳል። የዓለም የቱሪዝም ቀን የሚከበርበት ዕለት አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 17 መሆኑን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከመስቀል ጋር አንድ ቀን ነው። ዓለም ስለ ጉብኝት በሚናገርበት ዕለት የእኛ ሰው ማንም ሳይቀሰቅሰው በገዛ ናፍቆቱ አገሩን ለማየት ይወጣል። ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ ከየት ይመጣል?

በዚያው ሳምንት ግን ታሪፍ የሚባለው ነገር ከመናኸሪያው ይጠፋል። ባለፈው መስከረም እህቴን፣ ከደቡብ አፍሪካ የመጣውን ልጇንና በዕድሜ የገፉ አጎታችንን ይዤ ወጣሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ 1 ሰዓት ተኩል ተቀመጥን። ለ12 ሰው በተሠራው መኪና ውስጥ 19 ሆነን ተነሣን። ሕፃናት በጭን ላይ፣ ዶሮ ከወንበር ሥር፣ ጋቢና ላይ ሦስት ሰው። ረዳቱን «የኔ ወንድም፣ ሽማግሌ ይዘናል፤ ትንሽ አስጠጋቸው» ብዬ ብለምነው «በዓል ነው» አለኝ። ዋጋው ለምን በእጥፍ ሆነ ብዬ ስጠይቀውም መልሱ ያው «በዓል ነው» ነበር። በዓል እኮ ለአንዱ ብቻ አይመጣም። ተሳፋሪውም ያለችውን ቆጥቦ ነው የመጣው። ተመላሽ መኪና ከ11 ሰዓት በኋላ ስለማይገኝ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ከተራራ ላይ ማየት የሚባለው ነገር የግል መኪና ላለው ብቻ የተፈቀደ ሆኗል። የደጋ አገር ውበቱ የሚታየው በማለዳና በምሽት ነው። እኛ በማለዳ መኪና ሲሞላ እንጠብቃለን፤ ማታ መኪና እንዳያመልጠን እንሮጣለን። የምንደርሰው ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ አናት ሲበሳ ነው።

ከወረዳችሁ በኋላ መንገዱን የሚጠቁም የለም። ዋናው ጎዳና ላይ አንድ ምልክት፣ አንድ ቀስት፣ «ወደ ግንቡ 800 ሜትር» የሚል አንድ ቆርቆሮ ቢተከል ምን ነበረበት? ለስብሰባ የሚሰቀለው ባነር በየዓመቱ ይታተማል። ቀስቱ ግን የለም። ስለዚህ ሰው ትጠይቃላችሁ። የአገሬው ሰው ደግ ነው፤ አላውቅም ማለት እንግዳን ማሳፈር ስለሚመስለው ሁሉም ይጠቁማል። አንዱ በቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ይላል፣ አንዱ በወፍጮ ቤቱ በኩል ይላል። ባጃጁ እንግዳ መሆናችሁን ካወቀ ዙሪያ ጥምጥም ይወስዳችኋል። አጎታችን በሰው እንሰት ጓሮ አቋርጠው ሲሄዱ የጓሮው ባለቤት ወጣች፤ ይቅርታ ጠየቅናት። «ሁሌ በዚህ ነው የሚያልፉት፣ እንሰቴን ረግጠው ጨረሱት» አለች። እውነቷን ነው። እንሰት ሲሳይ ነው፤ ለዓመታት ተጠብቆ የሚደርስ የቤት ቀለብ ነው። ያልተተከለ አንድ ቀስት የዚያችን እናት ጓሮ መንገድ አድርጎታል።

በሩ ላይ ስትደርሱ ተቆልፏል። ይህን የማያውቅ የአገሬ ጎብኚ ያለ አይመስለኝም። ቁልፉ አንድ ሰው ጋ ነው። ያ ሰው ምሳ ወጥቷል፣ ወይም ስብሰባ ላይ ነው፣ ወይም ለቅሶ ደርሶ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠራው ኮረብታ ላይ ከግንቡ በር ፊት ለፊት 2 ሰዓት ተቀምጫለሁ። ከእኔ ጋር ከሩቅ ወረዳ የመጡ 40 የሚሆኑ ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር ነበሩ። ልጆቹ ለዚያች ቀን ገንዘብ አዋጥተዋል፤ አንዳንዶቹ ሕይወታቸውን ሙሉ ከቀበሌያቸው አልወጡም። በመጨረሻ መኪናው ስለጠበቃቸው በሩን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ተመለሱ። እነዚያ ልጆች ስለ ታሪካችን የተማሩት ነገር በሩ ዝግ መሆኑን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የተቆለፈ ቅርስ ባየሁ ቁጥር የእነሱ መዳፍ ይታወሰኛል። አንድ ቁልፍ ሁለት ሆኖ ቢቀረጽ፣ በሩ ላይ የመክፈቻ ሰዓት ቢለጠፍና ሰዓቱ ቢከበር የሚጠይቀው በጀት አይደለም፤ ለሰው ማሰብን ነው።

ሲከፈት ደግሞ ዋጋው በፊታችሁ ይወሰናል። ለአገሬው አንድ፣ ከውጭ ለመጣ ሌላ መሆኑ በብዙ አገር የተለመደ ስለሆነ አልቃወምም፤ ተጽፎ ይለጠፍ ነው የምለው። የእህቴ ልጅ እዚሁ ሆሳዕና ተወልዶ ያደገ ነው። ጫማውን ዓይተው የእንግዳ ጠየቁት። በሀዲይኛ ሲመልስላቸው ዋጋው ወረደ። ልጁ ገንዘቡ አልነበረም ያሳዘነው። «ጋሼ፣ ደቡብ አፍሪካ ባዕድ ነህ እባላለሁ፤ እዚህም በጫማዬ ተለየሁ» አለኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ደረሰኝ ስንጠይቅ ፓዱ አልቋል ተባልን። ያለ ደረሰኝ የሚሰበሰብ ብር ደረጃውን አይጠግንም፣ ሽንት ቤት አይሠራም፣ ዛፍ አይተክልም።

ሽንት ቤት ካነሣሁ አይቀር በግልጽ ልናገር፤ ይህ ነውር ተብሎ ስለሚታለፍ ነው መፍትሔ ያጣው። ሰው ተራራ ሲወጣ ውሃ ይጠጣል፤ ግማሽ ቀን ይቆያል። ወንዱ ከቁጥቋጦ ጀርባ ይሄዳል፤ በዚህም የታሪክ ቦታው ዙሪያ ይሸታል። ሴቷ ምን ታድርግ? እህቴ እንዲህ ዓይነት ቦታ ስትሄድ ከጠዋት ጀምሮ ውሃ አትጠጣም። ተጠምታ ትወጣለች፣ ተጠምታ ትወርዳለች። ስንቷ እናት፣ ስንቷ ተማሪ እንዲሁ እንደምትሆን አስቡት። ለምርቃት ቀን ድንኳን ሲጣል ጊዜያዊ ሽንት ቤት ይቆማል፤ እንግዶቹ ሲሄዱ እሱም ይነሣል። ቋሚው ጎብኚ እንግዳ አይደለም ወይ?

ደረጃውን እንውጣ። አቀበት መውጣት ለደጋ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ውሃ ተሸክመው በየቀኑ የሚወጡት እናቶች ምስክር ናቸው። የሚያደክመው የመንገዱ ርዝመት አይደለም። አንዱ ደረጃ አጭር፣ ቀጣዩ ረጅም ሲሆን ነው ጉልበት የሚከዳው። አጎታችን «እግሬ ካልለመደው አይኔ መሬት መሬት ነው የሚያየው፤ አገሩን መቼ ልይ?» አሉኝ። እውነት ነው። ደረጃ የሚሠራው ሰው ቀና ብሎ እንዲሄድ ነው። በየ50ው ወይም በየ100ው ደረጃ ለማረፊያ የሚሆን የድንጋይ መደብ ቢኖር፣ ሽማግሌው ተቀምጦ ትንፋሹን ሰብስቦ ይቀጥላል። ሽማግሌ የማይወጣበት የታሪክ ቦታ ግማሹ ታሪክ ከታች የቀረበት ቦታ ነው። የሚያውቁት እነሱ ናቸውና።

እነሆ ደረስን። ጉም ካልከለለው በቀር ዓይን የማይጠግበው ነው። የእንሰቱ አረንጓዴ፣ የጎጆው ክዳን፣ ከውጭ በተላከ ገንዘብ የተሠራው የቆርቆሮ ቤት ሲያብለጨልጭ፣ የገበያ መንገዱ እንደ ክር ተዘርግቶ ይታያል። ይህን ለማየት መጥተን ግን መጀመሪያ የምናየው ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ነው። እገሌ ከእገሊት ጋር በዚህ ቀን እዚህ ነበርን። የስልክ ቁጥር። የትምህርት ቤት ስም። በቀለም፣ በሚስማር፣ በከሰል። አባቶች ድንጋይ ጠርበው አቆሙ፤ እኛ ስማችንን ቧጠጥንበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ከወጣ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ቅርስ መጉዳት በሕግ እንደሚያስጠይቅ ለልጆቻችን የነገርናቸው ስንቶቻችን ነን? ቲያ ላይ ያሉት ትክል ድንጋዮች ከአዲስ አበባ በቡታጅራ ወደ እኛ ስትመጡ መንገድ ዳር ናቸው፤ በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ድንጋዩን የጠረቡት ሰዎች ሰይፍና ሌሎች ምልክቶችን ቀርጸው የየራሳቸውን ስም ሳይጽፉ አለፉ። እኛ ምንም ሳንሠራ ስማችንን ለመጻፍ ቸኮልን።

ከድንጋዩ ቀጥሎ ፌስታሉና የውሃ ፕላስቲኩ አለ። የውሃ ጠርሙስ ሙሉ ሆኖ 777 ደረጃ ወጥቶ፣ ባዶ ሆኖ ሲቀል መውረድ ያቅተዋል? በ2017 ፌስታልን የሚከለክል ድንጋጌ ያለው አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን ማንም ፖሊስ በየተራራው ጫፍ ቆሞ አይጠብቀንም። ነፋሱ ያንን ፌስታል ይዞት ወደ ማሳ ይወርዳል፤ ላሟ ትበላዋለች፤ ገበሬው ላሙን ያጣል። ከላይ የጣልነው ከታች ያለውን ሰው ነው የሚያገኘው።

ድምፁም አለ። ሰው ጸጥታ ፈልጎ፣ ምናልባት ሊጸልይ፣ ምናልባት የሞተ ወዳጁን ሊያስብ ወደ ከፍታ ይወጣል። ከአጠገቡ አንዱ ትልቅ ስፒከር ተሸክሞ መጥቶ እስከ መጨረሻው ይከፍተዋል። ሌላው ጀርባውን ለአገሩ ሰጥቶ፣ ስልኩን በዱላ ላይ ሰክቶ፣ ሰዉን «እናንተ ከዚያ ዞር በሉልኝ» ይላል። አጎታችን ትንፋሻቸውን ሊሰበስቡ የተቀመጡባት ድንጋይ ለፎቶ ጥሩ ናት ተብሎ እንዲነሡ ተጠየቁ። ተነሡ፤ ምንም አላሉም። እኔ ግን ያ ልጅ የእኔም ልጅ ነው ብዬ አፈርኩ። በእኛ ባህል ሽማግሌ ተቀምጦ ወጣት ይቆማል፤ ተራራ ላይ ሲወጣ ይህ የሚቀርበት ምክንያት የለም።

ፎቶ ደግሞ ለአንዱ የተፈቀደ፣ ለሌላው የተከለከለ ነው። ስልክ የያዘ ያነሣል፤ ካሜራ የያዘ ደብዳቤ አምጣ ይባላል። በብዙ ከተሞች ከፍተኛው ጉብታ ላይ የስልክ ማማ ወይም የውሃ ታንከር ቆሟል፤ ዙሪያው በሽቦ ታጥሯል። ጥበቃው ሥራው ነውና አልወቅሰውም። ግን እስከ የት ድረስ መቆም እንደሚቻል፣ ወደ የት ማንሣት እንደማይፈቀድ የሚል ጽሑፍ የለም። ስለዚህ ጥፋታችሁን የምታውቁት ከተቆጡባችሁ በኋላ ነው። ለትምህርት ቤት ጋዜጣ ፎቶ ሊያነሣ የመጣ ተማሪ እንደ ወንጀለኛ ሲጠየቅ አይቻለሁ። የከተማውን ከፍታ ከከተማው ልጅ የምንደብቅ ከሆነ ነገ ማን ይወደዋል?

ይህ ሁሉ ግን ከዚህ በኋላ ከምለው ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። መንገድ ይጠገናል፣ በር ይከፈታል፣ ሽንት ቤት ይሠራል። ከሁሉ በላይ የሚያመኝ ማማው አለመናገሩ ነው።

የእህቴ ልጅ ሀምበሪቾ ላይ «ለምን 777 ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። አጠገባችን ከነበሩት ወጣቶች አንዱም አላወቀም፤ ቁጥሩን እንጂ። መልሱን የነገሩት አጎታችን ናቸው። በከምባታ ትውፊት ከዚህ ተራራ ጋር የተሳሰሩ ሰባት ነባር ጎሳዎች አሉ፤ «ሀምበሪቾ ላመላ» ይባላሉ፤ «ላመላ» በከምባትኛ ሰባት ማለት ነው። ሰባትን የማያውቅ ሰው 777ን የድካሙ መለኪያ አድርጎ ይቆጥራል። የሚያውቅ ሰው ግን በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ወደ አባቶቹ ቤት ይወጣል። ያንኑ ደረጃ ሁለት ሰዎች ወጥተው አንዱ ላብ ብቻ፣ ሌላው ታሪክ ይዞ ይወርዳል። ልዩነቱ የአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ድንጋይ ላይ መጻፍ ደረጃውን ከመሥራት ይከብዳል?

አጎታችን ሲናገሩ ዙሪያችን 20 ያህል ሰው ተሰበሰበ። ስፒከር ይዞ የመጣው ልጅ ሙዚቃውን ዘጋ። ማንም አልለመነውም። ያንን ባየሁ ጊዜ ልጆቻችን ታሪክ አይወዱም የሚለው ወቀሳ ስሕተት መሆኑ ገባኝ። የሚነግራቸው ነው ያጡት። ተራኪ ሲገኝ ጆሮ አለ።

ከማማው ላይ ሆኖ የሚነገረው ነገር ደግሞ ሞልቶናል። የሀዲያና የከምባታ ደጋ የውሃ መለያ ነው። አንዱ ጠብታ ወደ ምሥራቅ ከወደቀ በቢላቴ ወርዶ አባያ ሐይቅ ይገባል፤ ወደ ምዕራብ ከወደቀ ከጊቤ ጋር ተቀላቅሎ በኦሞ እስከ ቱርካና ይሄዳል። ይህን የሚያውቅ ልጅ ዝናብ በመጣ ቁጥር አገሩን በሌላ ዓይን ያያል። ሆሳዕና ከመባሏ በፊት ዋቸሞ ትባል እንደነበር፣ ራስ አባተ ቧያለው ከተማዋን ሲቆረቁሩ ስሟ ከበዓለ ሆሳዕና እንደመጣ ስንቶቻችን ለልጆቻችን ነግረናል? ዩኒቨርሲቲው ዋቸሞ፣ ሆስፒታሉ ንግሥት እሌኒ ይባላል። እሌኒ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሀዲያ ገዥ ቤት ተወልዳ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሚስት የሆነች፣ በኋላም ልጅ ሆኖ ለነገሠው ለዐፄ ልብነ ድንግል አገር ያስተዳደረች፣ ወደ ፖርቱጋል መልእክተኛ የላከች ሴት ናት። በስሟ በተጠራው ሆስፒታል ተወልዶ፣ በስሟ በተጠራው ሆስፒታል እናቱን አስታሞ፣ ማን እንደነበረች ሳያውቅ የሚያረጅ ሰው አለ። ከኮረብታ ላይ ሆኖ «ያ ጣራ የሚታየው በእሌኒ ስም ነው፤ እሌኒ እንዲህ ነበረች» የሚል አንድ ሰው ቢኖር ይህ ድንቁርና በአንድ ከሰዓት ይነቀል ነበር።

በሌላው ዓለም ከፍ ባለ ቦታ ላይ ክብ የድንጋይ ወይም የብረት ገበታ ያቆማሉ። ገበታው ላይ ፊት ለፊት የሚታየው ተራራ ስም፣ አቅጣጫውና ርቀቱ ተቀርጿል። ጎብኚው ጣቱን ገበታው ላይ አሳርፎ ዓይኑን ወደ ሩቅ ይልካል። ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ መብራት አይፈልግ፣ ዘበኛ አይፈልግ። በእኛ አገር ይህን ሥራ ይሠሩ የነበሩት ሽማግሌዎች ነበሩ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ዱላውን እየጠቆመ «ያ የእነ እገሌ አገር፣ ያኛው ወንዝ እንዲህ ይባላል» የሚለውን ከአያቱ ይማር ነበር። ዛሬ ልጁ ትምህርት ቤት፣ አያቱ ቤት ናቸው፤ ገበታውም አልቆመም። በመሃል ስሞቹ እየጠፉ ነው። ስሙ የጠፋ ጋራ እዚያው ቆሞ ይጠፋል።

አጎታችን ያን ዕለት ከወረዱ በኋላ ወደ ላይ ዞር ብለው አይተው «አሁን ሁለተኛ አልወጣም» አሉ። ጉልበታቸው ነው። የሚያውቁት ነገር ግን ከእሳቸው ጋር ሊቀር ነው። በየቀበሌው እንዲህ ያሉ አባቶችና እናቶች አሉ፤ በየዓመቱ ይቀንሳሉ። ሲሚንቶ ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። እነሱ ሲያልቁ ግን ምትክ የለም።

ክልላችን በነሐሴ 2015 ተመሥርቶ ሆሳዕና የአስተዳደር መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ብዙ ተነግሯል፤ መንገድ፣ ፓርክ፣ ሎጅ፣ መናፈሻ። ሁሉም ይሠራ። ግንባታን አልጠላም። ነገር ግን ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን ብር በፊት ትንንሹ ይቅደም እላለሁ። ዋናው መንገድ ላይ ቀስት፤ በሩ ላይ የመክፈቻ ሰዓትና ዋጋ፤ ደረሰኝ፤ ሁለት ክፍል ንጹሕ ሽንት ቤት፣ አንዱ ለሴት፤ በየርቀቱ የድንጋይ መደብ፤ ጫፉ ላይ በሀዲይኛ፣ በከምባትኛና በአማርኛ የተጻፈ የስም ገበታ። በእረፍት ቀናት ደግሞ አበል የሚከፈላቸው አንድ ሽማግሌ ወይም እናት፣ ከጎናቸው ቃላቸውን የሚቀዳ አንድ ወጣት። በየከተማው ያሉ የባህልና ቱሪዝም ሰዎች ይህን ለመሥራት ሌላ ጥናት መጠበቅ የለባቸውም፤ አንድ ቀን እንደ ተራ ጎብኚ፣ ያለ መኪናና ያለ ደብዳቤ፣ እናታቸውን ይዘው ይውጡ። ሁሉንም ያዩታል።

ለእኛ ለጎብኚዎችም ቃል አለኝ። ጠርሙሳችንን ይዘን እንውረድ። ስማችንን በድንጋይ ላይ አንጻፍ። ሽማግሌ ከተቀመጠበት አናስነሣ። ልጆቻችንን ይዘን ስንወጣ ፎቶ ከማንሣታችን በፊት ቢያንስ የሦስት ጋራ፣ የአንድ ወንዝ ስም እንንገራቸው። ካላወቅን ከመውጣታችን በፊት ማታ እሳት ዳር ያሉትን እንጠይቅ። መጪው ያሆዴና መሳላ ሲደርስ ከየአገሩ የሚመጡት ልጆቻችን ከእናታቸው ቤት አተካና ብቻ ቀምሰው አይሂዱ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ጥያቄው ግን አሁንም ትክክል ነው። ማማ ላይ የወጣ ሰው ያያል፤ ያየውንም ይናገራል። አይተን የማንናገር ከሆነ፣ ደረጃው 777 ይሁን 7,000፣ ያው ማሳው ያለ ጠባቂ ቀርቷል።